የአያቴን ስም በየትኛው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አገኘዋለሁ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ የባሏን ዘር በድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ተከታትላ እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ ደረሰችበት። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ሥራቸው ሳይቀር ተጽፏል። እኔም የራሴን ማወቅ ፈለግሁ። አያቴ ከለገጣፎ ወዲያ ገበሬ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም አርፈው እዚያው በሰፈሩ ሚካኤል ተቀበሩ። የማውቀው የእሳቸውንና የአባታቸውን ስም ብቻ ነው። አባቴም ከሞተ ቆየ። አሜሪካ ያለችው ልጅ እናት፣ የአባቴ እህት፣ ሰንዳፋ አሉ፤ ግን አርጅተዋል፣ የተወለዱበትን ዓመት እንኳ አያውቁትም። የአፄ ምኒልክን ወይም የጃንሆይን ዘመን ቆጠራ የት ሄጄ ነው የማገኘው? አንድ ሰው ከመዝገብ አወጣልሃለሁ ብሎ 15 ሺህ ብር ጠይቆኛል። ልክፈለው?»

ምላሽ፦ አይክፈሉ። ሰውዬው አወጣዋለሁ ያለዎት መዝገብ የለም።

አፄ ምኒልክም ሆኑ ጃንሆይ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አላደረጉም። አዲስ አበባ ብቻዋን በ1950ዎቹ ተቆጥራለች። አገሩ በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረው ግን በግንቦት 1976 ዓ.ም ነው፤ በደርግ ዘመን። ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ተካሄደ። አራተኛው ለ2010 ታቅዶ ነበር፤ ደጋግሞ ተራዘመና ቀረ። እንግዲህ ያስሉት። አያትዎ ያረፉት በ1969 ነው። የመጀመሪያው ቆጣሪ የሰፈራቸውን በር ሲያንኳኳ እሳቸው ከተቀበሩ 7 ዓመት አልፏቸው ነበር።

እሺ፣ አባትዎስ? አክስትዎስ? እነሱ ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። ግን እዚህም ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ቆጣሪው ቤት ገብቶ ስም ሲጽፍ ሰዎች አይተዋል። ስለዚህ ስሙ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀናል ብለው ያስባሉ። ስሙ የሚጻፈው ሰው ሁለቴ እንዳይቆጠር ወይም እንዳይዘለል ነው። የግለሰብ መረጃ በሕግ ምስጢር ነው። የስታትስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ማለት ነው፣ ለሕዝብ የሚያወጣው ድምሩን ነው፦ በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ቤት። የአንድን ሰው ስም ከዚያ «አወጣለሁ» የሚል ሁሉ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያታለለ ነው።

የአክስትዎ ልጅ ያገኘችው ነገር እውነት ነው፤ የእነሱ አሠራር ሌላ ስለሆነ ነው። አሜሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። ከ1850 ወዲህ ደግሞ የነፃውን ቤተሰብ አባል ሁሉ በስም ትመዘግባለች። ቅጹ ለ72 ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ለማንም ይከፈታል። የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። እንግሊዞች 100 ዓመት ይጠብቃሉ። እነሱም ቢሆኑ ቀዳዳ አላቸው፤ የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ ቅጾች በ1921 በደረሰ ቃጠሎ አብዛኛው ክፍላቸው ጠፍቷል። የእኛን ታሪክ በእነሱ ቁልፍ ለመክፈት መሞከር ግን ጊዜ ማባከን ነው። እኛ ጋ በሩም ሌላ፣ ቁልፉም ሌላ ነው።

በሩ የቱ ነው? የድሮው መንግሥታችን አጥብቆ ይመዘግብ የነበረው መሬትንና ግብርን ነው። ሰው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው በመሬቱ በኩል ነው። ሚስት፣ ልጅ፣ አማት፣ ምራት መንግሥት ዘንድ አልተጻፉም። እነሱ የተጻፉት ሰው ከሰው ጋር በተዋዋለበት ቦታ ነው፦ እድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ውርስ የተከፈለበት ፍርድ ቤት። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የሽማግሌ አፍ አለ። ዘር መቁጠር ለእኛ ሙያ ነበር። ሰው ሲያጭ በሰባት ቤት እንዳይገጥም ሽማግሌ ተቀምጦ በእናትም በአባትም ይቆጥር ነበር። ያ ነው የእኛ የሕዝብ ቆጠራ።

ስለዚህ ወደ አክስትዎ ልመልስዎት። በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ነው የጠቀሷቸው። እኔ ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። የአያትዎ ልጅ በሕይወት አሉ! ከየካ አባዶ ሰንዳፋ ደግሞ ሩቅ አይደለም። የተወለዱበትን ዓመት አለማወቃቸው ምንም አይደለም። በዚያ ዕድሜ ያለ የገጠር ሰው ዓመቱን በቁጥር አይዝም። በቆጠራዎቻችን ሳይቀር ዕድሜ የተጠየቀ ሰው 40፣ 45፣ 50 እያለ ወደ ሙሉ ቁጥር ስለሚጠጋ፣ ባለሙያዎች የዕድሜ ሠንጠረዡን ሁልጊዜ በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ዓመት የሚያዘው በነገር ነው። «መቼ ተወለዱ?» ብለው አይጠይቁ። «ጣሊያን ሲወጣ እርስዎ እንጨት ለመልቀም ደርሰው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ጣሊያን የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933 ነው። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ነው፤ «ያኔ አግብተው ነበር? ስንተኛ ልጅዎን ይዘው ነበር?» የመሬት አዋጁ የካቲት 1967 ነው። ወደ ኋላ ሲሄዱ ስለ አያትዎ «የኅዳር በሽታን አየሁ ይሉ ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ እሱ 1911 ነው። ስለ አያትዎ አባት ደግሞ ዓድዋ አለ፣ 1888። ከዚያ በፊት ክፉ ቀን አለ፤ ከብቱ ያለቀበት፣ ከ1880 እስከ 1884 የቆየው ረሃብ። ሰው ቁጥር ይረሳል። ክፉ ቀንን የተረፈ አባት ግን ለልጁ ሳይነግር አይሞትም።

አንድ ቀን ተቀምጠው ሁሉንም ለመጨረስ አይሞክሩ። አሮጊት ሰው ይደክማል። ቡና ሲፈላ ይሂዱ። አስፈቅደው በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅዱ። መጀመሪያ ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ቤቱ ይጠይቁ፦ ቤቱ የት ነበር፣ በሩ ወደየት ነበር፣ ጎረቤት ማን ነበር፣ ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው። ትውስታ ከቦታ ጋር ነው የሚመጣው። ከዚያ የወንድምና የእህት ተራ ይጠይቁ፤ ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ፣ በሕፃንነቱ የሞተ ማን። የክርስትና አባትና እናት ማን እንደነበሩ ይጠይቁ። ክርስትና አባት ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ ስለሆነ ሌላ ክር ያስይዝዎታል።

በዚህ አካባቢ ካልተነገረዎት የሚያሰናክልዎት ነገር አለ። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ የካ፣ ገላን ሁሉ መሬት ከዳቦ በላይ የሚወራበት ቦታ ሆኗል። ካሳ አለ፣ ክርክር አለ፣ በወንድማማች መካከል የተበላሸ ነገር አለ። አንድ የከተማ ልጅ ድንገት መጥቶ «የአያቴ አባት ማን ነው፣ መሬቱስ እስከ የት ነበር» ሲል ሽማግሌው የሚሰማው ሌላ ነው። አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው መሬት እንደማይፈልጉ ይናገሩ። እውነትም መሬት አይፈልጉ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ዘመዱንም ታሪኩንም ሲያጣ አይቻለሁ።

ቀጥሎ እድር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። የእድር መዝገብ የክፍያ ደብተር ብቻ ይመስላል። ግን የእድር ደንብ ሚስት ስትሞት፣ ልጅ ሲሞት፣ አባትና እናት ሲሞቱ፣ ወንድምና እህት ሲሞቱ የሚከፈለውን ይለያል። ስለዚህ ጸሐፊው የሟቹን ስም ብቻ ጽፎ አያልፍም፤ ከአባሉ ጋር ያለውን ዝምድናም መጻፍ አለበት። በዚህ ምክንያት ሌላ ቦታ የማይገኙ ሴቶች እዚያ ይገኛሉ። የእኛ ስም በአባት ነው የሚሄደው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። የእናት ወገን ከስሙ ላይ ይወድቃል። አንዲት እህት የሴት አያቷን አባት ስም ለማግኘት ሁለት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተንከራታለች። የተገኘው በአንድ አሮጌ የእድር ደብተር ላይ ነው፤ በአንድ መስመር፣ «የወይዘሮ እገሊት አባት ስላረፉ» ተብሎ፣ ከነሙሉ ስማቸው፣ የተከፈለው ብር ከጎኑ ተጽፎ። ያን መስመር አይታ አለቀሰች።

ችግሩ ከተማው ሲሰፋ ገበሬው ተነሥቷል፤ እድሩም አብሮ ተበትኗል። ደብተሩ ግን ብዙ ጊዜ አልጠፋም። የመጨረሻው ጸሐፊ ወይም ዳኛ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰውዬው ሲሞት ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይጥሉታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። አክስትዎን «የአባትዎ እድር የማን እድር ይባላል? ጸሐፊው ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁና ያን ቤተሰብ ይፈልጉ። ደብተሩን ሲያገኙ እንዲሰጡዎት አይጠይቁ። እዚያው ቁጭ ብለው በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ከሽፋኑ ጀምሮ፣ ባዶ የሚመስለውን ገጽ ጭምር።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ ብዙ አይጠብቁ፣ ግን ይሂዱ። በዚያ ዘመን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክርስትና የተነሣውን ሕፃን ሁሉ በመዝገብ ይዞ ይኖራል ብለው አያስቡ። ይሁን እንጂ የሰበካ ጉባኤ አሠራር በ1965 ዓ.ም በቃለ ዓዋዲ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ ተደንግጓል፤ ከዚያ ወዲህ ምእመናን በአጥቢያቸው የሚመዘገቡበት መንገድ አለ። አያትዎ እስከ 1969 ስለኖሩ ዕድሉ አለ። ሲጠይቁ የክርስትና ስማቸውን ይዘው ይሂዱ። ፍትሐቱም ተዝካሩም በዚያ ስም ነው የሚደረገው። ካህኑ በዓለም ስማቸው ላያውቋቸው ይችላሉ። የነፍስ አባታቸው ማን እንደነበሩም ይጠይቁ፤ የነፍስ አባትነት ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ይወርዳል። መቃብሩ ላይ ጽሑፍ ያለው ድንጋይ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ ያንሡት።

አሁን ወደ መሬቱ ወረቀት እንምጣ። እዚህ ላይ መልሱ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ አያትዎ ባለርስት ነበሩ ወይስ ጭሰኛ? ባለርስት ከነበሩ በስማቸው ግብር ከፍለዋል። ከ1937 ዓ.ም ወዲህ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በጋሻ ይገበርበት ነበር፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። የግብር ካርኒው ቤት ውስጥ፣ በአሮጌ ቦርሳ ወይም በመጽሐፍ መካከል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ካርኒ ላይ የአያት ስም ካለ ወርቅ ነው። ያስቡት፦ አያትዎ በሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው የተጻፉበት አንድ ወረቀት ቢያገኙ ከእርስዎ ጋር አምስት ትውልድ ሞላ።

ጭሰኛ ከነበሩ ግን በግብር መዝገቡ ላይ የሚገኘው የባለመሬቱ ስም ነው። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አርሶ በወረቀት ላይ የለም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ በራሱ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ከ1967 አዋጅ በኋላ፣ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ነው። አዋጁ አንድን ማኅበር ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት ላይ ነበር የሚያቋቁመው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ደግሞ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለማደል መጻፍ የግድ ነበር። አያትዎ ከአዋጁ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረዋል። የመጀመሪያዎቹ አባላት ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ሊኖር ይችላል። ዝርዝሩን የሚያውቁት የያኔው ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ፣ አለዚያም ልጆቻቸው ናቸው። አሁን ያለው ቀበሌ መዝገብ ቤትም ይጠየቃል፤ ግን አስተዳደሩ ደጋግሞ ስለተቀያየረ ፋይሉ አብሮ ተዘዋውሯል። ስለዚህ በዛሬው ስም ብቻ አይፈልጉ። በጃንሆይ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው አገር በአብዛኛው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በመናገሻ አውራጃ ሥር ነበር። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ሆነ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሲሄዱ ይህን ስም ይዘው ይሂዱ። እነዚህን ሁለቱን ግን መጨረሻ ላይ ያድርጉ። የትኛውን መንደር፣ የትኛውን ባለርስት፣ በየትኛው ዘመን እንደሚፈልጉ ሳያውቁ ከገቡ ባዶ እጅዎን ይወጣሉ።

ፍርድ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ አያትዎ ሲያርፉ ወይም ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ ነበር? አውጥቶ ከሆነ የልጆቹ ሁሉ ስም እዚያ ላይ አለ። ግን ወራሾች የጻፉት ወራሾችን እንደሆነ አይርሱ። ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ስም ደግሞ በጣም ይጠንቀቁ። የካ፣ ጉለሌ፣ ገላን ዛሬ የሰፈር ስሞች ናቸው፤ መነሻቸው ግን የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስም ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በኩል በኦሮምኛ፣ በሌላ በኩል በአማርኛ ይጠራ ነበር። ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ከተማ ሲቀጠር ስሙ ተቀይሯል። ወረቀት ላይ ሁለት የተለያየ አያት ያገኙ ከመሰለዎት አንዱን ከመጣልዎ በፊት አንድ ሰው በሁለት ስም ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። አክስትዎ ኦሮምኛ የሚናገሩ ከሆነ በኦሮምኛ ይጠይቋቸው፤ በአማርኛ የማይወጣ ስም በዚያ ይወጣል። ጉዲፈቻም አለ። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ እንደ ወለደው ልጅ ስለሚቆጠር፣ ወላጅ አባቱ በስሙ ላይ የለም። ይህን ያነሣው ሽማግሌ ምስጢር እንደነገረዎት ይቁጠሩትና በየሰዉ ፊት አያውሩት። የፊደል ነገርም አለ፦ ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ አንድ ሰው ናቸው። ፀጋዬና ጸጋዬም እንደዚያው። መዝገብ ሲያገላብጡ ሁሉንም አጻጻፍ ይሞክሩ።

የማይደረስበትም አለ። በሚያዝያ 1928 መጨረሻ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ቀናት፣ አዲስ አበባ ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ ብዙ ወረቀት ያኔ ጠፍቷል። የልደትና የሞት ምዝገባ አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ አይጠቅምም። የዘረመል ምርመራ አገሩ ከወጡ ዘመዶችዎ ጋር ሊያገናኝዎት ይችላል፤ የሰው ስም ግን አይነግርዎትም። በወረቀት እስከ አያትዎ አባት፣ ምናልባትም እስከ እሳቸው አባት ቢደርሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ያለው በአፍ የተቆጠረ ይሆናል። ሁለት የማይተዋወቁ ሽማግሌዎች ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት ከቆጠሩ ይያዙት። ከተለያዩ ሁለቱንም ይጻፉና ከጎኑ ማን እንደነገረዎት ያስፍሩ። የራስዎን ግምት ከተነገረዎት ጋር አይቀላቅሉ።

የምመክርዎት ይህ ነው። 15 ሺህ ብሩ ኪስዎ ይቆይ። በዚህ ሳምንት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ሰንዳፋ ይሂዱ። ቢሮ የሚባል ነገር አይንኩ፤ ቢሮው ከወር በኋላም እዚያው ነው። አሜሪካ ያለችውን የአክስትዎን ልጅ በስልክ ከእናቷ ጋር አብራ እንድትሰማ ያድርጉ፤ የእሷም አያት ናቸው። ከአክስትዎ የእድሩን፣ የጸሐፊውንና የነፍስ አባቱን ስም ይዘው ይውጡ። በሚቀጥለው ሳምንት እድሩን ይፈልጉ፣ ከዚያ ሚካኤል፣ ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች። ቤተ መዛግብቱ በስተመጨረሻ ነው።

አክስትዎ ጋ ደርሰው ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ከዘር ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድመው ይህን ይጠይቋቸው፦ «አባትዎ እናትዎን ሲያጩ ዘር የቆጠሩት ሽማግሌ ማን ነበሩ?» ስማቸውን ከነገሩዎት፣ የእኒያ ሽማግሌ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች የት እንዳሉ ሳይጠይቁ አይነሡ።